ሳጥን ሠሪውና የአውቶቡሱ ደረጃ

ተረት ተረት ብዬ አልጀምርም፤ የማወራችሁ ነገር የሆነ ነውና። ጠጋ ጠጋ በሉ፤ በር አጠገብ ያላችሁት ብርዱ እንዳይመታችሁ መዝጊያውን ገርበብ አድርጉት። ቡናው ገና እየተቆላ ነው፣ ጊዜ አለን። እኔም ከሩቅ አገር እነሣና ቀስ እያልኩ ወደኛ ደጅ እደርሳለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ፣ እንዳይምታታባችሁ።

ሎንዶን ከተማ ውስጥ ዊልያም ባንቲንግ የሚባል ሰው ነበር። በ1796 ተወለደ፣ አደገ፣ ከዚያም የቤተሰቡን ሥራ ያዘ። ሥራው የቤት ዕቃ ነው፤ ወንበር ያለብሳል፣ የትልልቅ ሰዎችን ሳሎን ያሳምራል። ቤተሰቡ ስሙ የተጠራበት ግን ሌላ ሥራ ነበር፤ የቤተ መንግሥቱን ቀብር የሚያስፈጽሙት እነሱ ናቸው። ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ሲያርፉ የባንቲንግ ቤት ተጠራ፤ ልጃቸው ጆርጅ አራተኛ ሲያርፉም ተጠራ፤ ናፖሊዮንን ዋተርሉ ላይ ያሸነፈው የዌሊንግተን መስፍን በ1852 ሲሞት፣ ያ ሁሉ ሕዝብ በኅዳር ብርድ መንገድ ዳር ቆሞ ሲያለቅስለት፣ የቀብሩን ሥነ ሥርዓት ያሰናዳው ይኸው ቤት ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሌላውን ሰው ቁመትና ወርድ እየለካ ሳጥን የሚያሠራ ነው፣ የራሱ ወርድ ግን ከእጁ አመለጠው።

እንዴት አመለጠው? ሰነፍ ነበር እንዳትሉ። ይኼን አስቀድሜ የምነግራችሁ እኛም ወፍራም ሰው ስናይ ምላሳችን ወዴት እንደሚሮጥ ስለማውቅ ነው። ባንቲንግ ማልዶ የሚነሣ፣ ሥራውን በሰዓቱ የሚያደርስ፣ መጠጥ ቤት የማያመሽ፣ የተከበረ የቤት አባወራ ነበር። በአባቱም በእናቱም ወገን ወፍራም የሚባል ዘመድ አልነበረውም። ውፍረትን ገና በወጣትነቱ ይፈራት ነበር፤ ሠላሳውን አልፎ ወደ አርባው ሲጠጋ ደግሞ የፈራት ነገር መጣች። ወዳጁ የሆነ አንድ ሐኪም ዘንድ ሄደና፣ "ምን ይሻለኛል?" አለው። ሐኪሙም፣ "ከሥራህ በፊት ጠዋት ጠዋት ሰውነትህን አንቀሳቅስ፣ ጀልባ መቅዘፍን የመሰለ የለም" ብሎ መከረው።

ባንቲንግ የሚኖረው ወንዙ አጠገብ ነው። ከባድና የማይገለበጥ ጀልባም በእጁ ነበረ። እስቲ ያን ጠዋት አብረን እንየው። የቴምዝ ወንዝ ጎሕ ሲቀድ ጭጋግ ይለብሳል፣ የከተማው የድንጋይ ከሰል ጭስም ከጭጋጉ ጋር ተቀላቅሎ ይወርዳል፤ ሰውዬው ኮቱን ያወልቅና እጅጌውን ይሰበስባል፣ መቅዘፊያውን ይይዛል፣ ከዚያም ይስባል፣ ይገፋል፣ ደግሞ ይስባል፤ ሁለት ሰዓት ያህል እንዲህ ሲል ቆይቶ ፀሐይ ጭጋጉን ስትገልጠው ላብ በላብ ሆኖ ወደ ዳር ይመለሳል። ጡንቻው ጠነከረ፣ ክንዱ ፈረጠመ፣ ትንፋሹም ረዘመ። ነገር ግን ጀልባውን አስሮ ቤቱ ሲገባ ሆዱ እንደ ጅብ ይጮህ ነበር። ገበታው ላይ ዳቦ በቅቤ አለ፣ ወተት አለ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ አለ። ለፍቶ የመጣ ሰው ነውና ይበላል፤ "ሠርቼበታለሁ" ይላል፣ ደግሞም እውነቱን ነው፣ ሠርቶበታል። ከዚያም ጥቂት ጊዜ አለፈና ሲመዘን ጨምሮ ተገኘ። ወዳጁ ሐኪምም፣ "በል እንግዲህ መቅዘፉን ተወው" አለው፤ እሱም ተወው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁምና አንድ ነገር ላውጋችሁ፣ ብዙዎቻችን የምንሰናከለው እዚችው ቦታ ላይ ነውና። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ውስጥ ወደ 7,700 ካሎሪ ተቀምጧል ይላሉ የሚያውቁት። ሰባ ሰማንያ ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሰዓት በደንብ ቢራመድ የሚያቃጥለው ከ250 እስከ 300 ካሎሪ ነው። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት፤ በየቀኑ አንድ ሰዓት ሳያስታጉል የሚሄድ ሰው፣ ከአፉ አንዲት ጉርሻ ሳይጨምር፣ በወር አንድ ኪሎ ቢቀንስ ነው። ታዲያ ደክሞት ሲመለስ ኪዮስኩ ደጃፍ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ቢጠጣ የግማሽ ሰዓቱ መንገድ በሦስት ጉንጭ አለቀ። ቦርጭ በሩጫ ይጠፋል ብሎ ጠዋት ሮጦ፣ ከሩጫው መልስ ጥብስ በአዋዜ ከነቢራው አዝዞ፣ በወሩ መጨረሻ ሚዛኑን የሚራገም ሰው በየሰፈሩ አለ። ሚዛኑ ምን ያድርግ?

ወደ ሰውዬው እንመለስ። ባንቲንግ ዝም ብሎ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የባሕር አየር ይበጅሃል አሉት፣ ባሕር ዳር ሄደ። ፈረስ ጋልብ አሉት፣ ጋለበ። በምንጭ ውሃ ወደታወቁት ከተሞች፣ ወደ ሌሚንግተን፣ ወደ ቸልተንሃም፣ ወደ ሃሮጌት ወረደ፣ ጠበል እንደምንጠጣው ውሃውን ጠጣ። መድኃኒት በጠርሙስ በጠርሙስ ዋጠ። የቱርክ መታጠቢያ ቤት እየገባ በእንፋሎት ተቀቀለ። ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ሐኪም ሳይመርጥ፣ ገንዘብ ሳይሰስት ተንከራተተ፣ ውፍረቱም አብሮት እየዞረ ከሄደበት ሁሉ አብሮት ተመለሰ።

በ1862 ክረምት ሲገባ ዕድሜው ስድሳ አምስትን አልፏል። ቁመቱ አንድ ሜትር ከስድሳ አምስት ገደማ ነው፣ ሚዛኑ ደግሞ 202 ፓውንድ፣ በእኛ 92 ኪሎ ይጠጋል። ዛሬ ከዚያ በላይ የሚመዝን ሰው ስለምናይ ቁጥሩ ላያስደነግጣችሁ ይችላል፤ እሱን ግን ቀን በቀን ምን እንዳደረገው ራሱ ጽፎታል። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ማሰር አይችልም ነበር። ጉልበቱን በጨርቅ ያስር ነበር። ደረጃ ሲወርድ ደግሞ፣ ሸክሙ ወደፊት ገፍቶ ጉልበቱን እንዳይሰብረው፣ ፊቱን ወደ ደረጃው አዙሮ፣ በእጁ ድጋፉን ይዞ፣ እግሩን ወደኋላ እየዳበሰ ቀስ እያለ ይወርዳል። የነገሥታትን አስከሬን በክብር ያስወጣ ሰው በገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ እንደ ሕፃን በዳዴ ይወርዳል። ደግሞ መስማት አቃተው፣ ጆሮው ደነቆረ።

ከሕመሙ ሁሉ የባሰበት ግን የሰው ዓይን ነበር። መንገድ ሲሄድ፣ ሠረገላ ውስጥ ሲገባ፣ ስብሰባ ላይ ወንበር ሲፈልግ፣ የሚጠቋቆሙና የሚያሾፉ ነበሩ፤ እሱም ሰው ከሚበዛበት ቦታ መራቅ ጀመረ። እኛም አገር ይኼው ነው። ዱሮ "ወፈርክ፣ ተመቸህ" ማለት ምርቃት ነበር፤ ዛሬ ታክሲ ውስጥ ወፍራም ሴት ስትገባ "የሁለት ሰው ክፈዪ" የሚል አይጠፋም፣ የሚስቅለትም አያጣም። ሰውን አሳፍሮ ያቀጠነ ግን በዕድሜዬ አላየሁም። የሚሸሽ አይቻለሁ።

በነሐሴ ወር፣ የጆሮው ነገር አላስቀምጠው ሲል፣ ወደ ሐኪሙ ሄደ፤ ሐኪሙ ግን ለዕረፍት ከከተማ ወጥቷል። እንዲህ ነው እንግዲህ፣ የአንዱ ዕረፍት ለሌላው ዕድል ይሆናል። ሌላ የጆሮ ሐኪም ፈለገና ዊልያም ሃርቪ የሚባለውን አገኘ። ሃርቪ ጆሮውን አየ፣ ጉሮሮውን አየ፣ ከዚያም ሰውዬውን ከላይ እስከ ታች አየውና፣ የጆሮው ችግር ከውፍረቱ የመጣ ነው፣ ስቡ የውስጠኛውን የጆሮ መተላለፊያ ተጭኖታል ብሎ ደመደመ። ይህ ሃርቪ ከዚያ በፊት ፓሪስ ሄዶ ክሎድ በርናርድ የተባለው ሊቅ ስለ ስኳር በሽታና ስለ ጉበት ሲያስተምር ሰምቶ ነበር። የስኳር በሽተኛ ከጣፋጭና ከስታርች ይከለከላል፤ ገበሬም ከብት ሲያደልብ የሚሰጠው እንደዚሁ ያለውን መኖ ነው፤ እንግዲህ ሰውንም የሚያደልበው እሱ ቢሆንስ ብሎ ሲያስብ የኖረ ሰው ነው። ከዚያም ባንቲንግን፣ "እነዚህን ተዋቸው" ብሎ ቆጠረለት፤ ዳቦ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ ስኳር፣ ቢራ፣ ድንች።

ባንቲንግ ደነገጠ። የሚኖረው በእነዚሁ ነበርና። ጠዋት ዳቦና ወተት ወይም ወተትና ስኳር የበዛበት ሻይ በቅቤ ከተቀባ ዳቦ ጋር፤ ምሳ ሥጋ፣ ቢራ፣ ዳቦና ኬክ፤ ማታም ዳቦና ወተት ወይም የፍራፍሬ ኬክ። ከሆዳሞች የማይቆጠር፣ እንደ ጎረቤቱ የሚበላ ሰው ነው። ጎረቤቱ የማይወፍርበት እሱን ለምን እንዳወፈረው የሚነግረው ሰው ያገኘው ያኔ ገና ነው። "እሺ" አለ፣ ከዚያም ጀመረ።

ጠዋት ከ110 እስከ 140 ግራም የሚመዝን ሥጋ ወይም ዓሣ፣ ሻይ ያለ ወተትና ያለ ስኳር፣ 28 ግራም የምትሆን አንዲት ቁራሽ ደረቅ ጥብስ ዳቦ። በደንብ እዩአት ይህችን ቁራሽ፤ በጣት የምትያዝ፣ አንዴ ገመጥ ሲያደርጓት ግማሽ የምትሆን ናት። ምሳ ላይ ሥጋ ወይም ዓሣ፣ ከድንች በቀር የፈለገውን አትክልት፣ ያችኑ ቁራሽ፣ ፍራፍሬ። ማታም ጥቂት ሥጋ። ወይን ጠጅ ግን አልከለከለውም፤ ምሳው ላይ ሁለት ሦስት ብርጭቆ፣ ማታም አንድ ሁለት፣ ከመተኛቱ በፊትም ካስፈለገው ስኳር የሌለበት አረቄ ፈቀደለት። ይኼኛውን ስሰማ ሳቄ መጣ። ከመካከላችሁ ይህን ብቻ ለይቶ የሰማ ካለ ዛሬ የትኛውም ሐኪም እንደማይመክረው ይወቀው፤ የቀረውን አልሰማ ብሎ እሱን ብቻ ይዞ እንዳይሄድ።

ከዚያም ክብደቱ መውረድ ጀመረ። አወራረዱን ግን ልብ በሉ። ባንቲንግ እንደ ነጋዴ መዝገብ ይዞ በየሦስት ሳምንቱ እየተመዘነ ይጽፍ ነበር። መስከረም ሲጠባ አንድ ኪሎ ያህል ወርዷል፤ ጥቅምት ሄደ፣ ኅዳር ሄደ፣ የሎንዶን ጉም ከተማውን ሸፍኖ ፋኖስ በቀን ሲበራ እሱ ከዚያች ቁራሽ ዳቦ ጋር ነው፤ የገና ዋዜማ፣ የእንግሊዝ ቤት ሁሉ በቅቤና በኬክ ሽታ ሲታጠን፣ ሚዛን ላይ ወጥቶ 184 ፓውንድ ብሎ ጻፈ። ስምንት ኪሎ ወርዷል ማለት ነው። ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት በየሦስት ሳምንቱ አንድ ኪሎ ገደማ፣ አንዳንዴም ትንሽ ከፍ እያለ ይቀንሳል። ዓመት ከጥቂት ሳምንታት ሲሆነው 156 ፓውንድ ደረሰ፤ 46 ፓውንድ፣ በእኛ ወደ 21 ኪሎ ወረደ፣ ወገቡም ሠላሳ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ጠበበ። በሳምንት ሲካፈል ግማሽ ኪሎ አይሞላም። አሁን በየስልኩ "በአሥር ቀን አሥር ኪሎ" የሚል ማስታወቂያ ሲደርሳችሁ ይህን መዝገብ አስቡ።

ጆሮው ተከፈተ። ጫማውን ራሱ አሰረ። ደረጃውንም እንደማንኛውም ሰው ፊቱን ወደፊት አድርጎ ወረደ። ከደስታው ብዛት በ1863 ታሪኩን በትንሽ መጽሐፍ ጽፎ በራሱ ገንዘብ አሳተመና በነጻ አደለ፤ እንደኔ የሚሠቃይ ቢኖር ይጠቀምበት ብሎ። ሰው ተሻማበት፣ ደግሞ ታተመ፣ በኋላም በዋጋ ሲሸጥ ትርፉን ለበጎ አድራጎት ሰጠ፤ ወደ ሌሎች የአውሮፓ ቋንቋዎችም ተተረጎመ። ሐኪሞቹ ግን ተቆጡ። አንዱ ሳይንስ የለውም አለ፣ ሌላው ሳጥን ሠሪ ምን አግብቶት ሕክምና ይጽፋል አለ፣ የቀልድ መጽሔቶችም ሥዕሉን እየሣሉ ተሳለቁበት። ወፍሮ ሳቁበት፣ ከስቶም ሳቁበት። እሱ ግን እስከ 1878 ኖረ፣ ሰማንያ አንድ ዓመት ሞልቶት አረፈ።

እኔ ይህን ስነግራችሁ እንጀራ ተዉ ማለቴ አይደለም። ባንቲንግን ያወፈረው ቢራው፣ ስኳሩ፣ ቅቤውና ኬኩ ተደማምሮ ነው፤ ያቀጠነውም ያ ሁሉ ሲቀር ጠቅላላ የሚበላው ስለቀነሰ ነው። ያኔ የካሎሪ ሒሳብ አልነበረምና ስሙን አያውቀውም። ዛሬ አንዱ ሥጋ ብቻ ብሉ ይላል፣ ሌላው ሥጋ አትንኩ ይላል፣ ሁለቱም የሚያቀጥኑት ሰው አላቸው፤ የሚበልጠው ሰውዬው ዓመት አብሮት ሊዘልቅ የሚችለው ነው። እኛ ደግሞ ጾም አለን። ሁዳዴን 55 ቀን ጾሜ ኪሎ ጨመርኩ የሚል ሰው ብትሰሙ ውሸት አይምሰላችሁ፤ ሥጋና ቅቤው ቀርቶ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዘይት የሚዋኝበት ሽሮ፣ ፓስታ በስጎ፣ ሳምቡሳ፣ ዳቦ በሻይ ስኳሩን ጠንከር አድርጎ ሲገባ ሰውነት ጾሙን አያውቅለትም። ጾም ደግሞ የተሠራው ለቦርጭ ማውረጃ አልነበረም፣ እሱን ለነፍሱ እንተወው።

ባንቲንግ አንድ የቀለለው ነገር ነበር። እሱ አገር ሰው የራሱን ሳህን ራሱ ይሞላል፣ ልተው ካለ ይተዋል። በእኛ ማዕድ ግን እጅ ከውጭ ይመጣል። ልቅሶ ቤት ትሄዳላችሁ፣ "በሞቴ፣ ይቺን ብቻ"፤ ማኅበር ትሄዳላችሁ፣ ጉርሻው አንድ ከሆነ ያጣላል፣ ሁለተኛው ያስታርቃል፣ ሦስተኛው ይከተላል። እምቢ ያለ ሰው ባለቤቲቱን አስቀየመ። አክስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስኳር በሽታ ያለበትን ባሏን ሐኪም ፊት ስለ ምግቡ ስትወቅሰው ኖራ ቤት ስትገባ በእጇ ታጎርሰው ነበር፤ ፍቅሯን የምትናገርበት ሌላ ቋንቋ አልነበራትም።

አሁን ስለ ሩጫውና ስለ እርምጃው ልንገራችሁ፤ እስካሁን ስትሰሙኝ መንቀሳቀስ ከንቱ ነው ያልኩ መስሏችሁ እንዳትነሡ። ለዚህም ከሎንዶን አንወጣም፤ ዘጠና ዓመት ብቻ ወደዚህ እንምጣ።

ጦርነቱ አብቅቷል፣ ከተማዋ ገና ከፍርስራሿ እየተነሣች ነው፣ ልብ ድካም የሚሉት ሞት ደግሞ ባልታወቀ ምክንያት ጎልማሶችን በድንገት መጣል ጀምሯል። ጄሪ ሞሪስ የሚባል ሐኪም ነበር፣ በጦርነቱ ጊዜ ሕንድ አገር በሠራዊት ሐኪምነት አገልግሎ የተመለሰ። ይህ ሰው ምክንያቱን ከሆስፒታሉ ይልቅ ሰው በሚውልበት ሥራ ውስጥ ሊፈልገው ተነሣ። የሎንዶንን ቀይ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ በሥዕልም ቢሆን አይታችኋል። በዚያ ዘመን ሁለት ሰዎች ይውሉበት ነበር። አንደኛው ሾፌሩ ነው፣ ከፊት ተቀምጦ መሪ ጨብጦ የሥራ ቀኑን ማለት ይቻላል ሙሉውን ከወንበሩ አይነሣም። ሁለተኛው ትኬት ቆራጩ ነው፤ ታች ያለውን ተሳፋሪ ያስከፍላል፣ ከዚያም ጠባቧን ጠምዛዛ ደረጃ ይወጣል፣ አውቶቡሱ ሲታጠፍ ምሰሶውን ጨብጦ ይቆማል፣ ላይ ያለውን ያስከፍላል፣ ከዚያም ይወርዳል፣ ፌርማታ ይደርሳል፣ አዲስ ሰው ይገባል፣ እሱም ደግሞ ይወጣል። ሲቆጠር በአንድ የሥራ ቀን ከ500 እስከ 750 የደረጃ መርገጫ ይረግጣል። ሁለቱም ከአንድ ዓይነት ሰፈር የመጡ፣ አንድ ኩባንያ የሚከፍላቸው፣ አንድ ዓይነት ሻይ የሚጠጡ ሰዎች ናቸው።

ሞሪስና ባልደረቦቹ ሠላሳ አንድ ሺህ ያህል የትራንስፖርት ሠራተኞችን መዝገብ አገላበጡ። ውጤቱን በ1953 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት አወጡት፤ ትኬት ቆራጮቹ በልብ ሕመም የሚያዙት ከሾፌሮቹ ባነሰ ቁጥር ነው፣ ቢያዙም ቶሎ አይሞቱም፣ ሕመሙም በዕድሜያቸው ዘግየት ብሎ ነው የሚመጣባቸው። ሞሪስ በዚህ አልረካም፤ ወደ ፖስታ ቤት ሄደና ደብዳቤ በእግርና በብስክሌት የሚያድሉትን ወንበር ላይ ከሚውሉት ጋር ቢያስተያይ ያንኑ አገኘ።

ሰዎች ግን፣ "ሾፌሮቹ ሲጀመርም ወፍራሞች ስለሆኑስ?" አሉት። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሞሪስም ምን አደረገ መሰላችሁ? ኩባንያው ለሠራተኞቹ ዩኒፎርም ይሰፋል፣ የሱሪው የወገብ ልክም በመዝገብ ይያዛል። ያንን መዝገብ አስመጣ። እውነትም የሾፌሮቹ ወገብ ሰፊ ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን ቀጭኑን ከቀጭን፣ ወፍራሙንም ከወፍራም ጋር ቢያስተያይ፣ ደረጃ የሚወጣው ትኬት ቆራጭ አሁንም ከተቀማጩ ሾፌር ይሻላል። ወገቡ ሰፊ የሆነውን ሰው እንኳ ያ ደረጃ ጠቅሞታል። ባንቲንግ ጀልባውን አስሮ ሲተወው ይህን የሚነግረው ቢኖር ኖሮ መቅዘፉን ባልተወው ነበር፤ ሚዛኑ ባያይለትም ልቡ ያይለት ነበርና። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ለዐዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እንቅስቃሴ ይላል፤ በቀን ሲካፈል ሁለት ሦስት ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ በእግር መሄድ ነው።

ሞሪስ የጻፈውን ራሱም ኖረው። ሰው በመንገድ ላይ መሮጥ ባልለመደበት ዘመን ሃምፕስቴድ በሚባለው የሎንዶን ሜዳ ይሮጥ ነበር፤ ያዩት ሰዎችም አበደ ብለው ነበር። በ2009 ሲሞት መቶ ሊሞላ ጥቂት ወራት ነበር የቀሩት።

አሁን ወደኛ ደጅ ደረስን። የእኛን ሚኒባስ አስቡት፤ ሾፌሩ ተቀምጦ፣ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሲዘልና ሲወርድ ሲጠራም ይውላል። የትኛው ቦርጭ እንዳለው ልንገራችሁ? ማንም አላጠናውም፣ እኔ ግን በየቀኑ እሳፈራለሁ።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ጡረተኛ መምህር አሉ። ደማቸው ላይ ስኳር ሲታይ ሐኪሙ "ክብደት ይቀንሱ" አላቸው፤ እሳቸውም ስኳሩን ከሻዩ አወጡ፣ ማታ እንጀራውን በግማሽ አደረጉ፣ ጠዋት ጠዋትም ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ መውጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ሰሞን ዳገቱ መሃል ላይ ድንጋይ ላይ ይቀመጡ ነበር፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ጫፉ ከባሕር ጠለል ሦስት ሺህ ሜትር ያልፋል። ወራት ሲያልፉ ኮታቸው ሰፋቸው። ከዚያማ ሌላ ችግር መጣ፤ ያገኛቸው ሰው ሁሉ ፊቱን ጨፍግጎ፣ "ጋሼ ምን ሆኑ? ከሱ እኮ፣ ታመው ነው?" ይላቸዋል። ዕድር ላይ ሴቶቹ ተንሾካሾኩ። አንዷ ጎረቤት አጥሚት ይዛ መጣች። እሳቸውም አጥሚቱን ተቀብለው አመስግነው ለልጅ ልጃቸው ሰጡት።

ከሁሉ የምወድላቸው ግን ይህን ያጫወቱኝን ነው። አንድ ቀን ማለዳ፣ ጤዛው ባሕር ዛፉ ላይ ሳይረግፍ፣ እያለከለኩ ሲወጡ፣ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከላይ ሲወርዱ መንገድ ላይ ተገናኙ። ሸክሙ ጀርባቸውን ጎንበስ አድርጎታል፣ እርምጃቸው ግን አይደናቀፍም። መምህሩ ዳር ይዘው መንገድ ለቀቁላቸው፤ "በርቱ እናቶቼ" አሏቸው። ከመሃላቸው አንዷ ጠና ያለች ሴት ቆም ብላ በነጠላዋ ጫፍ ላቧን ጠረገችና፣ "አባባ፣ በየቀኑ አይዎታለሁ፤ ባዶ እጅዎን ይወጣሉ፣ ባዶ እጅዎን ይወርዳሉ። ምን ፈልገው ነው?" አለቻቸው።

"ባዶ አይደለሁም ልጄ፣ እኔም ሸክም አለብኝ" አሉና ሆዳቸውን መታ መታ አደረጉት።

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየቻቸውና፣ "ታዲያ የእኔን በአንዱ ወገን ቢይዙልኝ ቶሎ ይራገፍልዎት ነበር" ብላ ሳቀች፣ ጓደኞቿም ሳቁ፣ ከዚያም ሸክሟን አስተካክላ ወረደች። መምህሩ ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ታች ሲመለሱ፣ ካገኟት፣ ከእንጨቱ ላይ ጥቂቷን ተቀብለው እስከ አስፋልቱ ያደርሱላታል።